ሚዳዞላም ከድንገተኛ ክፍል ሲገመገም፦ መድኃኒቱን ወድጄዋለሁ፣ አምፑሉን ግን አልወደድኩትም

ስልክ የሚገመግም አለ፣ ጫማ የሚገመግም አለ፣ የፀጉር ቅባት የሚገመግምም አለ። እኔ ዛሬ መድኃኒት ልገመግም ነው። አትሳቁ። በሥራ ሰዓት ከስልኬ ይልቅ ብዙ ጊዜ እጄ ላይ የሚገኘው እሱ ነው።

ድንገተኛ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ነው የምገባው። መድኃኒቱ ሚዳዞላም ይባላል። ቤንዞዳያዜፒን ከሚባሉት ወገን ነው፣ የዲያዜፓም ታናሽ ወንድም በሉት። ዲያዜፓምን ብዙ ሰው ቫሊየም በሚለው ስሙ ያውቀዋል፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ነው ገበያ ላይ የወጣው። ሚዳዞላም ከእሱ በኋላ የመጣ ነው። ሰው ከቀዶ ጥገና በፊት የሚያረጋጋ ወይም በምርመራ ጊዜ የሚያስተኛ መድኃኒት አድርጎ ነው የሚያስበው። ልክ ነው፣ ያም ሥራው ነው። እኔ የማወራው ግን ስለ ሌላው ሥራው ነው፤ መንቀጥቀጡ አልቆም ብሎት ተሸክመው ለሚያመጡት ሰው ስንሰጠው።

ነጥቡን እስከ መጨረሻ አላንጠለጥልባችሁም። ከአምስት አራት ኮከብ። መድኃኒቱ ራሱ አምስት ይገባው ነበር። አንዷን ኮከብ የበላት አምፑሉ፣ ማለትም መድኃኒቱ የሚመጣባት ትንሿ የመስታወት ብልቃጥ ናት፣ እመጣበታለሁ። ደግሞ ከአሁኑ ልናገር፣ ይህን አንብባችሁ መርፌ እንዳታነሱ። ቁጥሮቹን የምጽፈው ነገሩ እንዲገባችሁ ነው እንጂ መጠኑን የሚወስነው ታካሚውን ያየው ሐኪም ነው።

መጀመሪያ ስለ ሰዓት። የሚንቀጠቀጥ ሰው ሁሉ መርፌ አያስፈልገውም። አብዛኛው መንቀጥቀጥ በአንድ፣ በሁለት፣ በሦስት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ጊዜ ይቆማል። እኛ ጋ እስኪደርስ ድረስ ቆሞ፣ ሰውየው እንቅልፍ እንቅልፍ እያለው የሚመጣው ነው የሚበዛው። ችግሩ 5 ደቂቃ ያለፈው ነው። አምስት ደቂቃ አልፎ ያልቆመ ትልቅ መንቀጥቀጥ በራሱ የመቆም ተስፋው እየቀነሰ ይሄዳል፣ እኛም «ስታተስ» ብለን የምንጠራው ያንን ነው። ድሮ መጽሐፉ 30 ደቂቃ ይል ነበር። አስቡት፣ ግማሽ ሰዓት! በኋላ እ.ኤ.አ. በ2015 የሚጥል በሽታን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ማኅበር ለዚህ ዓይነቱ መንቀጥቀጥ ሁለት የጊዜ ገደብ ለይቶ አስቀመጠ። 5 ደቂቃ ሕክምና የሚጀመርበት፣ 30 ደቂቃ ደግሞ አንጎል ላይ ዘላቂ ጉዳት ሊመጣ ይችላል ተብሎ የሚፈራበት። በሁለቱ መሃል ያለው ጊዜ የእኛ ነው።

ይቺ ሰዓት ለምን እንዲህ ታስጨንቀናለች? መድኃኒቱ ራሱ ስለሚያረጅባት ነው። አንጎል ውስጥ ጋባ የሚባል ነገር አለ፣ የነርቭ ሴሎችን «ረጋ በሉ» የሚል። ጋባ የራሱ መቀበያዎች አሉት፣ ሴሉ ላይ እንደተተከሉ በሮች ናቸው። ሚዳዞላም ከእነዚህ በሮች ጎን ተለጥፎ ጋባ ሲያንኳኳ ቶሎ ቶሎ እንዲከፈቱ ያደርጋል። በራሱ ፍሬን አይደለም፣ ፍሬኑ ላይ ያለውን እግር የሚያከብድ ነው። መንቀጥቀጡ ሲረዝም ግን ሴሉ እነዚያን በሮች ከላይ እያነሳ ወደ ውስጥ ይከታቸዋል። ፍሬኑ ራሱ ይነቀላል ማለት ነው። ስለዚህ በ5ኛው ደቂቃ ጸጥ የሚያደርገው መጠን በ40ኛው ደቂቃ ላይ ሲሰጥ ውሃ የወጋችሁ ይመስላል። መድኃኒቱ አይደለም የተበላሸው፣ የሚይዘው ነገር አጥቶ ነው።

እንግዲህ ሚዳዞላምን የወደድኩበት ምክንያት እዚህ ጋ ነው። ቶሎ ይገባል። ቶሎ ይሠራል አላልኩም፣ ቶሎ ይገባል ነው ያልኩት፣ ልዩነት አለው።

የሚንቀጠቀጥ ሰው ላይ ደም ስር ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? ክንዱ በእያንዳንዱ ሰከንድ ይመታል። አንዱ ትከሻውን ይይዛል፣ አንዱ ክርኑን ይይዛል፣ እኔ በጉልበቴ ተንበርክኬ ካኑላውን፣ ደም ስር ውስጥ የሚገባውን ቀጭን ቱቦ፣ ይዤ የእጁን ጀርባ እደባብሳለሁ። አገኘሁት ስል ያመልጠኛል። ላብ አለ፣ ፕላስተሩ አይጣበቅም። የገባው ካኑላ በሚቀጥለው መንፈራገጥ ይወጣል። ሕፃን ከሆነ ደግሞ ባይነሳ ይሻላል፤ ያቺ ክር የምታክል ደም ስር፣ ያቺ ድቡልቡል እጅ! በዚህ መሃል ሰዓቱ አይጠብቅም። ሚዳዞላም ግን ጭን ላይ ጡንቻ ውስጥ ይወጋል፣ አለቀ። ጭን ለማግኘት ዓይን ብቻ ይበቃል።

«ዲያዜፓምም ጡንቻ ላይ ይወጋ የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ለዚህ ጉዳይ አይሆንም። ዲያዜፓም በውሃ የማይሟሟ ስለሆነ በሌላ ፈሳሽ ተበጥብጦ ነው የሚመጣው፣ ጡንቻ ውስጥ ሲገባ ያማል፣ ወደ ደም የሚገባውም ዝግ ብሎና እንዳሻው ነው። ዛሬ በሃያ ደቂቃ፣ ነገ በአንድ ሰዓት። ሚዳዞላም ብልጥ ነው። አምፑሉ ውስጥ እያለ ፈሳሹ አሲድነት ስላለው በውሃ ሟሙቶ ይቀመጣል፤ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ቅርጹን ይለውጥና በስብ የሚሟሟ ይሆናል፣ ወደ አንጎል የሚያልፈውም እንደዚያ ሆኖ ነው። ኬሚስቶቹ ይህን ሲሠሩ ስለ እኔ ጉልበት አስበው እንደሆነ አላውቅም፣ ግን አመሰግናለሁ።

ይህ የእኔ ስሜት ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ በአምቡላንስ ሠራተኞች የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ራምፓርት የሚባል ትልቅ ጥናት አለ። ለገሚሱ ታካሚ ሚዳዞላም ጭኑ ላይ ተወጋ፣ ለሌላው ሎራዜፓም በደም ስር ተሰጠ። ሎራዜፓም ማለት ከዚሁ ቤተሰብ ነው፣ አቲቫን የሚባለው፣ ብዙ ሐኪም «እንደ እሱ የለም» የሚለው። ውጤቱ ምን ሆነ መሰላችሁ? ሆስፒታል ሲደርሱ መንቀጥቀጡ ቆሞ የተገኘው ሚዳዞላም ከተወጉት 73 በመቶው፣ ሎራዜፓም ከወሰዱት ደግሞ 63 በመቶው ላይ ነበር። እኔ ግን ከዚህ ይልቅ የምወደው የደቂቃዎቹን ነገር ነው። ሎራዜፓም ደም ስር ከገባ በኋላ መንቀጥቀጡን ለማቆም 1.6 ደቂቃ ገደማ ነው የፈጀበት፣ ሚዳዞላም 3.3። አያችሁ፣ ሎራዜፓም ይፈጥናል። ግን እሱን ለመስጠት ብቻ 4.8 ደቂቃ ወስዷል፣ ሚዳዞላሙን ለመውጋት 1.2 ደቂቃ። ደምሩት። ሯጩ ፈጣን ነው፣ ጫማውን ሲያስር ግን ሌላው ገብቷል።

ፍትሐዊ ልሁንና፣ ሰውየው ቀድሞውኑ ካኑላ ካለው ነገሩ ይለወጣል። ደም ስር ተከፍቶ እያለ ጭን የምወጋበት ምክንያት የለኝም። ያኔ ሎራዜፓም ቢኖረኝ እሱን እመርጣለሁ፣ ውጤቱ ሰዓታት ይቆያል። ዲያዜፓምም በደም ስር ከሆነ ጎበዝ ነው፣ በደቂቃ ውስጥ አንጎል ይደርሳል፤ ችግሩ ስብ ስለሚወድ ወዲያው ከአንጎል እየወጣ ወደ ሰውነት ስብ ይበተናል፣ ከሃያ ሠላሳ ደቂቃ በኋላ መንቀጥቀጡ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። የሎራዜፓም ጣጣ ደግሞ ፍሪጅ ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ፣ ፍሪጁ ሲበላሽ፣ አምቡላንስ ውስጥ ፍሪጅ ሳይኖር፣ አስቡት። ሚዳዞላም መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ ብርሃን ብቻ አታብዙበት።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። አምፑሉ።

ሚዳዞላም በተለያየ ውፍረት ነው የሚመጣው፣ በአንድ ሚሊሊትር ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን ይለያያል ማለት ነው። አንዱ አምፑል ላይ 5 ሚሊግራም በ5 ሚሊሊትር ይላል። ሌላው ላይ 5 ሚሊግራም በ1 ሚሊሊትር ይላል። 15 ሚሊግራም በ3 ሚሊሊትር የሚልም አለ፣ እሱ ከሁለተኛው ጋር ውፍረቱ አንድ ነው። በቀን፣ ቁጭ ብላችሁ፣ መነጽራችሁን አድርጋችሁ ስታነቡት ቀላል ነው። በሌሊት፣ አንዱ እየተንቀጠቀጠ እናቱ «ሲስተር፣ ልጄን!» እያለች ትከሻችሁን ስትጎትት፣ ዓይናችሁ የሚያየው 5 ቁጥርን ብቻ ነው። ፊደሉ ከጉንዳን ያንሳል።

አንድ ሌሊት ትልቅ ሰው መጣ። ሰባ ኪሎ የሚሆን፣ ከመጣ ጀምሮ ያላቆመ፣ ካኑላ ሞክረን ሁለቴ የጣልንበት። ዶክተሩ «አሥር ሚሊግራም ሚዳዞላም ጡንቻ ላይ!» አለ። ከ40 ኪሎ በላይ ለሆነ ሰው በጥናቱም የተሰጠው 10 ነው፣ ከዚያ በታች ላሉት ልጆች 5። አዲስ የገባች ባልደረባዬ ሮጣ ሄዳ ሁለት አምፑል አመጣችልኝ፣ እኔም ሰብሬ ሳብኩት። አንዱ አምፑል አልቆ ሲሪንጁ ሙሉ ሆነ። ቆም ብዬ አየሁት። 5 በ5 የሚለው ነው! አሥር ሚሊግራም ማለት አሥር ሚሊሊትር ሊሆን ነው። አሥር ሚሊሊትር ፈሳሽ ማን ጡንቻ ውስጥ ይከታል? ወፍራሙ ቢሆን ኖሮ ሁለት ሚሊሊትር ይበቃል፣ ሁለት ሚሊሊትር ደግሞ ጭን ሳይሰማው ነው የሚቀበለው። ጥለን እንደገና። ሁለተኛው አምፑል ሲሰበር ጣቴን ቆረጠኝ። ልጅቷ አለቀሰች፣ እኔም አላስቻለኝም ተናገርኳት፣ በማግስቱ ይቅርታ ጠየቅኳት። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። ሁለት በጣም የሚመሳሰል ዕቃ አንድ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦ ሰውን መክሰስ አይገባም።

የከፋው ደግሞ በተቃራኒው ሲሆን ነው። ቀጭኑን ነው የያዝኩት ብላችሁ ወፍራሙን በደም ስር ብትሰጡ፣ አምስት እጥፍ ሰጣችሁ ማለት ነው። ያኔ ትንፋሹ ነው የሚሄደው።

አሁን እኔ ባለሁበት ሽፍት ወፍራሞቹ ለብቻቸው ቀይ ፕላስተር በተለጠፈበት ሳጥን ውስጥ ናቸው፣ ከሁለት ሲሪንጅና ከሁለት መርፌ ጋር። የእጅ ሥራዬ ነው። አንዳንድ ቦታ ተሞልቶ ተዘጋጅቶ የሚመጣ፣ ጭን ላይ ተጭነው የሚወጉበት አውቶኢንጀክተር አለ፣ የራምፓርት ሰዎችም የተጠቀሙት እሱን ነው። ካያችሁት ሰላም በሉልኝ።

ስለ ቁልፉም ልናገርና ይውጣልኝ። ሚዳዞላም ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ነው፣ ይቆለፍበታል። መቆለፉን አልቃወምም፣ ሱስ የሚያስይዝ መድኃኒት ነው፣ ሰው ይሰርቀዋል። ግን «ቁልፉ ማን ጋ ነው?» የሚለው ጥያቄ ስንት ደቂቃ እንደበላ ብቆጥረው ከደም ስር ፍለጋው ይበልጥ ነበር። ቁልፉ የያዘችው ልጅ ኪስ ውስጥ ነው፣ ልጅቷ ታካሚ ይዛ ራጅ ክፍል ሄዳለች፣ ራጅ ክፍሉ ሌላ ፎቅ ነው። መድኃኒቱ በ1 ደቂቃ ሊሰጥ የሚችል መሆኑ ምን ዋጋ አለው?

መጠኑን መስረቅ የሚባል ሌላ በሽታ አለብን። «ቀስ ብለን እንጀምር» የሚል። ዶክተሩ ይፈራል፣ እኔም እፈራለሁ፣ ትንፋሹን ቢያቆምብንስ እንላለን። ከዚያ ለሰባ ኪሎ ሰው 2 ሚሊግራም እንሰጣለን። አይቆምም። ሌላ 2። አይቆምም። እንደዚህ ስንሰርቅ ሃያ ደቂቃ ያልፋል፣ በሮቹ ወደ ውስጥ እየገቡ ነው፣ በመጨረሻ የተደመረው መጠን ከሙሉው ዶዝ በልጦ ቁጭ ይላል፣ መንቀጥቀጡም አለ፣ ትንፋሹም ደክሟል። ሁለቱንም ከሰርን።

ፍርሃቱ መሠረት የለውም አልልም። ሚዳዞላም ትንፋሽ ያደክማል፣ የደም ግፊትም ሊጥል ይችላል። በተለይ ሰውየው አልኮል ወይም እንደ ሞርፊን ያለ መድኃኒት ከወሰደ። ግን አንድ ሰው የሚረሳው ነገር አለ፣ የማይቆም መንቀጥቀጥ ራሱ ትንፋሽ ይገድላል። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት ነበር፣ 205 ሰዎች፣ አምቡላንስ ውስጥ ለአንዳንዶቹ ሎራዜፓም፣ ለሌሎቹ ዲያዜፓም፣ ለቀሩት ደግሞ መድኃኒት የሌለበት ፈሳሽ የተሰጠበት። የትንፋሽ ወይም የልብና የደም ግፊት ችግር በብዛት የገጠማቸው እነማን ናቸው? ምንም ያልተሰጣቸው ናቸው። 22 በመቶ ገደማ፣ መድኃኒቱን ባገኙት ላይ 10 በመቶ ገደማ። ይህን ካነበብኩ በኋላ እጄ መንቀጥቀጡን ተወ ልበል። ሙሉውን መጠን፣ በአንድ ጊዜ፣ ኦክስጅኑ ተከፍቶ፣ አምቡባጉ፣ በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጠው ፊኛ፣ ራስጌ ተቀምጦ፣ ምራቅ የሚመጠው ሳክሽን በርቶ። ትንፋሹ ቢደክም በእጄ እየጨመቅኩ እተነፍስለታለሁ። የጠፋ ትንፋሽ በእጅ ይተካል፣ ለተንቀጠቀጠ አንጎል ግን የምጨምቀው ፊኛ የለኝም።

ማርከሻ አለ ይባላል፣ ፍሉማዜኒል። ለዚህ ሰው እሱን ማሰብ ጦስ ነው። ቤንዞዳያዜፒኑን ከበሩ ላይ ሲገፋው መንቀጥቀጡ ሊመለስ ይችላል፣ ያኔ ደግሞ ምን ሊሰጥ ነው?

አንድ ዶዝ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ካልቆመ ሁለተኛ ዶዝ፣ ከዚያ በኋላ ሚዳዞላም ላይ ሙጭጭ ማለት አያዋጣም። ወደሚቀጥለው መሄድ ነው፣ ወደ ሌሎቹ የመንቀጥቀጥ መድኃኒቶች፣ ሌቬቲራሴታም ወይም ቫልፕሮኤት ወይም ፎስፌኒቶይን። እ.ኤ.አ. በ2019 ሦስቱን ያወዳደረ ጥናት ወጥቶ ነበር፣ ሦስቱም ተቀራራቢ ሆኑ፣ እያንዳንዳቸው ግማሽ ለሚሆነው ሰው ነው የሠሩት። ስለዚህ «የትኛው ይሻላል» ብሎ አልጋ ዳር ክርክር ከመክፈት ያለውን መስጠት ነው። ደግሞ መንቀጥቀጡ በሚዳዞላም ቢቆምም አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ይከተላል፣ ሚዳዞላም ዕድሜው አጭር ነው፣ ከሰውነት ቶሎ ይወጣል፣ በሩን ከፍቶ የሚገባ እንጂ ቤት የሚጠብቅ አይደለም።

የማይሠራው ነገርም አለ። የደም ስኳር የወረደበትን ሰው ሚዳዞላም አያድነውም፣ ያስተኛዋል እንጂ። ስለዚህ መርፌው እየተሳበ ሌላ ሰው ጣት መብጣት አለበት፣ ስኳሩ ታች ከሆነ የሚሰጠው ግሉኮስ ነው። ነፍሰ ጡር ሆና ግፊቷ ሰማይ የነካ ሴት ስትንቀጠቀጥ ደግሞ መድኃኒቷ ማግኒዥየም ሰልፌት ነው። ይህን ያላስታወሰ ሰው ጥሩ መድኃኒት ሰጥቶ መጥፎ ሥራ ይሠራል።

ስለ ቤት ውስጡ ዓይነት ብዙ ይጠይቁኛል። መርፌ የሌለው ሚዳዞላም አለ፣ በጉንጭና በድድ መሃል የሚጨመቅ፣ አፍንጫ ውስጥ የሚረጭም አለ። ልጁ የሚጥል በሽታ ያለበትና መንቀጥቀጡ የሚረዝምበት ሰው በሐኪም ትእዛዝ እቤቱ የሚያስቀምጠው ነው። ከእነዚህ በፊት የነበረው በፊንጢጣ የሚሰጥ ዲያዜፓም ነው፣ አሁንም አለ፣ አሁንም ይሠራል፣ አልንቀውም። ግን አሥራ አራት ዓመት የሆነውን ልጅ ክፍል ጓደኞቹ ፊት ሱሪውን አውርዶ መስጠት ምን ማለት እንደሆነ ልጁን ጠይቁት። ነቅቶ ከሰማ በኋላ ትምህርት ቤት አልሄድም ያለ ልጅ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የሕፃናት ጥናት ደግሞ የጉንጩን ሚዳዞላም ከፊንጢጣው ዲያዜፓም ጋር አወዳድሮ የጉንጩ ለ56 በመቶው፣ የፊንጢጣው ለ27 በመቶው እንደሠራ አግኝቷል። እዚህ ላይ ክብርም ውጤትም አንድ ወገን ቆሙ፣ ሁልጊዜ እንዲህ አይገጥምም።

የጉንጩ ጉድለት ምራቅ ነው። አፉ ተነክሶ ምራቁ ሲፈስ ገሚሱ ልብስ ላይ ይቀራል። ጥርሱን ለማስከፈት መታገል አያስፈልግም፣ ከንፈሩን ወደ ጎን ሳብ አድርጎ ከጥርሱ ውጪ፣ ጉንጩ ውስጥ ቀስ እያሉ መጭመቅ ነው። አፍንጫው ደግሞ ያቃጥላል ይላሉ፣ ጉንፋን የያዘው አፍንጫ ሲሆንም አልተማመንበትም።

አንዲት እናት አስታውሳለሁ። ልጇን ታቅፋ ገባች፣ ልጁ ተኝቷል፣ መንቀጥቀጡ ቆሟል። ባዶዋን ሲሪንጅ በፌስታል ጠቅልላ ይዛታለች። «ሲስተር፣ 5 ደቂቃ ሲሞላው ሰጠሁት፣ ከሰጠሁት 4 ደቂቃ ቆይቶ ቆመ፣ ትንሽ ወደ ውጪ ፈሶብኛል» አለችኝ። ሰዓቱን፣ መጠኑን፣ የፈሰሰውን ሳይቀር። ከስንት ሪፈር ወረቀት የተሻለ ነው! አንድ ጤና ተቋም በላከልን ወረቀት ላይ «ማስታገሻ ተሰጥቷል» ብቻ ተጽፎ መጥቶ ያውቃል። ምን? ስንት? መቼ? ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን ሁሉ አየሁ።

መድኃኒቱ ለሌላችሁ፣ እኛ እስክንደርስ ወይም እናንተ እስክትደርሱ፣ በጎኑ አስተኙት፣ ጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ ሰዓት ያዙ። አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፣ ማንኪያም ጣትም። ምላሱን አይውጠውም፣ ጥርሱን ግን ልትሰብሩበት ትችላላችሁ፣ ጣታችሁንም ታጣላችሁ። አትያዙት፣ ውሃም አትድፉበት። አምስት ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ። ከዚያ በፊትም ቢሆን የመጀመሪያው ከሆነ፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ውሃ ውስጥ ከሆነ፣ ወይም ሳይነቃ ከደገመው አትጠብቁ።

ከመርፌው በኋላ ያለው ሰዓት ለቤተሰብ ከባድ ነው። ሰውየው ይተኛል፣ ያንኮራፋል፣ ቢጠሩት አይሰማም። «ምን ሰጣችሁት? ገደላችሁት እኮ!» ይባላል። ገሚሱ እንቅልፍ ከመንቀጥቀጡ የመጣ ድካም ነው፣ ገሚሱ ከመድኃኒቱ። በየጊዜው እየሄድኩ ስሙን እጠራለሁ፣ ትንፋሹን እቆጥራለሁ፣ የኦክስጅኑን ቁጥር አያለሁ። እየቆየ እየነቃ መሄድ አለበት። እየነቃ ካልሄደ እጨነቃለሁ፣ ምክንያቱም ሰውነት ቆሞ አንጎል ብቻውን የሚቀጥልበት ጊዜ አለ፣ ያንን የሚያሳየው የአንጎል ሞገድ ምርመራ ነው። ዓይኑ ወደ አንድ ጎን ተሰቅሎ ከቀረ፣ ከንፈሩ ዳር ትንሽ ትንሽ ከነዘረ፣ «አንቀላፍቷል» ብዬ አላልፈውም።

አንድ የቀረኝ ነገር መርሳት ነው። ሚዳዞላም ያስረሳል። ለምርመራ የሚወዱትም ለዚያ ነው፣ ሰውየው ቱቦ እንደገባበት አያስታውስም። መንቀጥቀጡ ራሱም ያስረሳል፣ ሁለቱ ሲደመሩ ሌሊቱ በሙሉ ከሰውየው ላይ ይፋቃል። ይህን ጉድለት ልበለው ጥቅም፣ እስካሁን አልወሰንኩም።

ያ ጣቴን የቆረጠኝ አምፑል ባለቤት፣ ሰባ ኪሎው ሰውዬ፣ ከተወጋ በኋላ አራት ደቂቃ ሳይሞላ ቆመ። ሊነጋ ሲል ነቃ፣ እጄን ይዞ ብዙ አወራኝ፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ታናሽ እህቱ፣ ስሜን ሁለቴ ጠየቀኝ። በሚቀጥለው ሌሊት ስገባ አልጋው ላይ ቁጭ ብሏል፣ ደህና ነው። ፕላስተር የታሰረ ጣቴን አይቶ «ምን ሆንሽ?» አለኝ። «አምፑል ቆረጠኝ» አልኩት። «አይዞሽ» አለኝና ትንሽ ቆይቶ፣ «ትናንት ሌሊት የነበረችውን ሲስተር ታውቂያታለሽ? ሕይወቴን አተረፈች ብለውኛል፣ አመሰግናለሁ በይልኝ» አለ።

እሺ፣ እነግራታለሁ አልኩት።